ከብረቱ ዛፍ ሥር የቆመው ሰው

«አንድ በያጅ ነበረ» አሉ ጋሼ ወንድይራድ።

ትርሲት ጥያቄዋን ገና መጨረሷ ነው። ጋሼ ወንድይራድ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን ሥዕል ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ቤታቸው የሚውሉ ሰው ናቸው። ትርሲት ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንዷ ስትሆን ዛሬ የሰፈሩን የሥዕል ማኅበር ትመራለች። ማኅበሩ ከድልድዩ አጠገብ ያለውን የከተማውን ረጅም ግንብ በሥዕል ሊሸፍነው ተነሥቷል። ማዘጋጃ ቤቱም ፈቅዷል። ግን በሥራው ምክንያት ሰው ቢጎዳ ካሣ የሚከፍል የኃላፊነት መድን ግቡ ብሏቸዋል። ትርሲትን ያናደዳት ይህ ነው።

«ጋሼ፣ እኛ ሳይከፈለን ከተማውን እናሳምር ብለን ተነሣን። እነሱ ገና ብሩሽ ሳናነሣ ዋስ ጥሩ ይሉናል። ጥፋት ያልሠራ ሰው ዋስ ጥራ የሚባለው የት አገር ነው?» ነበር ያለቻቸው።

ጋሼ ወንድይራድ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ መስጠት አይወዱም። ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ታሪኩን ቀጠሉላት።

ይህ በያጅ ከቆላም ከደጋም የሚመጣ መንገደኛ የሚያልፍበት አንድ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የተሰበረ ጋሪ ይጠግናል። ቤት የሚሠራ ሰው ምክር ሲጠይቅ «በሩን ለእሱ ስጠው» ይባላል። በያጁም ይህን ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ አይናገረው እንጂ ይኮራበታል። እሱ የበየደው ነገር ተላቆ ተመልሶ የመጣበት ጊዜ የለም።

በከተማው መናኸሪያ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ። መንገደኛ አውቶቡስ የሚጠብቀው ከእሱ ጥላ ሥር ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ሾላው ተቆረጠ። የመንገዱን መስፋት የጠላ ሰው የለም፤ ግን ከዚያ ወዲህ መንገደኛው አናቱን በነጠላና በካርቶን ሸፍኖ ጠራራ ፀሐይ ላይ መቆም ሆነ ዕጣው። ሌላ ችግኝ እንተክላለን ቢባል፣ ከመሬቱ ሥር የውሃ መስመር ስለተቀበረ ዛፍ አይተከልበትም ተባለ።

አንድ እሑድ የሰፈሩ እድር ተሰብስቦ የለቅሶውንና የድንኳኑን ጉዳይ ሲጨርስ የጥላው ነገር ተነሣ። በያጁ በስብሰባ ላይ ብዙ አይናገርም። የዚያን ቀን ግን ተነሥቶ «ብትፈቅዱልኝ የብረት ዛፍ ልሠራ እችላለሁ» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። እሱ ግን ቀጠለ። ግንዱ ከወፍራም ቱቦ፣ ቅርንጫፉ ከቀጫጭን ቱቦ፣ ቅጠሉ ከላሜራ እንደሚሆን፣ ቅጠሉ ተደራርቦ ጥላ እንደሚጥል፣ የቀረውን ደግሞ ከየቤቱ ከሚወጣ ውዳቂ ብረት እንደሚያሟላው አስረዳ። እያስረዳ ሳለ ሳቁ ጠፋ። ሰው በዓይነ ሕሊናው ዛፉን ማየት ጀመረ።

በሳምንቱ የበያጁ ግቢ በብረት ተሞላ። አንዱ የዛገ ማረሻ አመጣ፣ ሌላው የብስክሌት ቸርኬ፣ ሌላው እግሩ የተሰበረ አልጋ። አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን መዶሻ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡና «ከፍ ያለው ላይ አድርግልኝ» አሉት። እድሩ ለላሜራና ለቱቦ መግዣ፣ ለበያጁም የድካም ዋጋ የሚሆን አዋጣ። ጭነት መኪና ያለው አንድ የእህል ነጋዴ ብረቱን ሁሉ ያለ ክፍያ አመላለሰ። ነጋዴው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል፤ ከተማው ሲያምር ደስ የሚለው ሰው ነው።

ቦታው የከተማው ስለሆነ በያጁና የእድሩ ሰብሳቢ ፈቃድ ለመጠየቅ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የከተማውን እኩሌታ ልጅ በእጃቸው ተቀብለዋል ይባላል። ጉዳዩን የያዘችው ሹም ሥዕሉን ዘርግታ ብዙ ተመለከተችው። ደስ እንዳላት ከፊቷ ይታወቃል። ከዚያ ቀና አለች።

«ቦታው የከተማው ነው፤ ዛፉ የእናንተ ይሆናል። ዛፉ ሰው ቢጎዳ ለዚያ ሰው መልስ የሚሰጠው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ የሠራሁት አይወድቅም» አለ በያጁ።

«ስለ እጅዎ አልጠየቅኩም፤ ስለ ሰውየው ነው የጠየቅኩት።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ገና አላውቀውም» አለች ሹሟ። «እርስዎም አያውቁትም። ለዚህ ነው መድን ግቡ የምለው።»

በያጁ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እንደተሰደበ ተሰማው። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ስም አንዲት ወጣት ሹም በአንድ ጥያቄ ያረከሰችበት መሰለው። ሰብሳቢዋ መንገድ ላይ ሊያነጋግሩት ሞከሩ፤ እሱ ግን «ብረቱን ለየባለቤቱ እመልሳለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ወሬውን የሰማው ነጋዴ ሊያጽናናው መጣ።

«ለዚህ ነው የምትበሳጨው? ከእሷ በላይ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። አንድ ቃል ብነግረው ያለዚህ ሁሉ ጣጣ ያስፈቅድልሃል። አንተ ብቻ ሥራህን ሥራ።»

በያጁ ደስ አለው። ነገር ግን ቶሎ እሺ አላለም። ቦታውን ለክቶ እንደሚነግረው ቃል ገባለት።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። በያጁ ሜትሩን ይዞ መናኸሪያ ሄደ። መለካት ግን አልቻለም፤ ቦታው በሰው ተጨናንቋል። ዶሮ በገመድ አስራ የያዘች ሴት፣ አልጋ የገዛ ጎረምሳ፣ ፈቃድ ወጥቶ አገሩ የሚሄድ ወታደር። ግንዱ ሊቆም ይገባዋል ብሎ ባሰበው ቦታ ላይ ራሱ ቆሞ ሰዉ እስኪቀንስ ይጠብቅ ጀመር።

ከአጠገቡ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን አቅፋ፣ እግሯ ሥር ጓዟን ከምራ ቆማለች። የአውቶቡሱ ረዳት የአገሯን ስም ሲጣራ ሰው ሁሉ ወደ ትኬት መቁረጫው ሮጠ። ሴትየዋ ግራ ቀኟን አየች። ከዚያ ዘወር ብላ «ወንድሜ፣ አንዴ ያዝልኝ» አለችና ሕፃኗን በበያጁ እጅ ላይ አስቀምጣ ሰዉ መሐል ገባች።

በያጁ ሜትሩን እንኳ ከእጁ ለማስቀመጥ ጊዜ አላገኘም። ሕፃኗ ተኝታለች። ትንሽ ከበድ ትላለች፤ ከኮፍያዋ ሥር ግንባሯ በላብ ረጥቧል። ፀሐዩ እንዳያገኛት ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆመ። ያቺ ሴት ስሙን አልጠየቀችውም። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሰፈሩ የት እንደሆነ አታውቅም። በር ሲሠራ ሥራው ተመልሶ እንደማይመጣ የሚነግራት ሰው አልነበረም። ዞር ስትል ያገኘችው እሱን ነው፤ ያላትን ሁሉ ሰጠችው።

እሱም ቀና ብሎ በዙሪያው የቆመውን ሰው ተመለከተ። ነገ ዛፉ ሲቆም እነዚህ ሁሉ ከሥሩ ይገባሉ። ማን በየደው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ብየዳው ጥሩ ነው ወይ ብሎ ቀና የሚል አይኖርም። ጥላ አለ ብለው ገብተው ይቆማሉ፣ ልጃቸውን ያስተኛሉ። ለእነሱ የሱ ስም ምናቸውም አይደለም። ስሙ የሚጠቅመው ለራሱ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

ሴትየዋ ትኬቷን በጥርሷ ይዛ ተመለሰች። ልጇን ተቀበለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ጓዟን አንጠልጥላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላያትም።

በያጁ ወደ ነጋዴው ሄዶ «አመሰግንሃለሁ፤ ግን ለዚያ ለምታውቀው ሰው ምንም እንዳትነግርልኝ» አለው። ቀጥሎ ወደ ሰብሳቢዋ ሄደና እድሩ እንዲሰበሰብ ለመናቸው።

በስብሰባው ላይ ክርክር ተነሣ። ብዙዎቹ መድኑን አልወደዱትም። «ገና ሳይቆም ስለ መውደቁ ማውራት ሟርት ነው» ያለ ነበር። «የተዋጣው ለቱቦ እንጂ ለወረቀት አይደለም» ያለም ነበር። ሰብሳቢዋ ሁሉንም ሰሙና በቀስታ ጠየቁ።

«እኛ እዚህ እድር የገባነው ሞት ናፍቆን ነው?»

ዞር ዞር ብለው ሰዉን አዩና ቀጠሉ።

«ለራሳችን ሲሆን ቀድመን እናዋጣለን። ለሚያልፈው ሰው ሲሆን ሟርት ነው እንላለን» አሉና ተቀመጡ።

ቀጥሎ በያጁ ተነሣ። ከተዋጣው ውስጥ ለእሱ የድካም ዋጋ ተብሎ የተቀመጠው ለመድኑ እንዲውል ጠየቀ። ለሚቀጥሉት ዓመታት እድሩ እንዲያስብበት፣ የዘንድሮውን ግን እሱ እንዲሸፍነው። ሚስቱ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። ከእሷ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሯል፤ ሰው ሁሉ ፊቷን ሲያይ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው ጠፋ።

የመድን ድርጅቱ መሐንዲስ ልኮ ሥራውን አስመረመረ። መሐንዲሱ መሠረቱ ጠልቆ እንዲቆፈር፣ ፌሮውም እንዲበዛ አዘዘ። ሰው እንዳይንጠለጠልባቸው የታችኞቹ ቅርንጫፎች ከፍ እንዲሉ አደረገ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ዛፉ እንዲፈተሽ ተስማሙ። በያጁ በየትእዛዙ ትንሽ እያጉረመረመ ሁሉንም ፈጸመ። መሠረቱ ተቆፍሮ ሲያይ መሐንዲሱ ልክ እንደነበረ አምኖ ነገረው።

ዛፉ ቆመ። እንዴት ያለ ነገር እንደነበረ ልነግርሽ ብሞክር አልችልም። ቅጠሎቹ በነፋስ ሲነኩ እርስ በርስ እየተጋጩ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ያሰማሉ። ጥላው መሬት ላይ ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ የቆመ ሰው ቀና ሲል ማረሻውን፣ ቸርኬውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መዶሻውን ያያል። የሰፈሩ ሰው ዘመድ ሲመጣበት ወደ ዛፉ ወስዶ «ያቺ የእኛ ናት» እያለ በጣቱ ያሳያል። ከሩቅ ከተማ ፎቶ ሊያነሡት የሚመጡ ነበሩ። በያጁ አልፎ አልፎ ማታ ማታ ሥራ ሲፈታ በዚያ በኩል ዞር ብሎ ይሄዳል፤ ከሥሩ ሰው ቆሞ ካየ ደስ ብሎት ያልፋል።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። በየዓመቱ ተፈተሸ፤ ደህና ነው ተባለ። መድኑም በየዓመቱ ታደሰ። በየዓመቱም እድሩ ውስጥ «ይኸው ምንም አልሆነም፤ ለምን እንከፍላለን?» የሚል አልጠፋም።

አንድ ግንቦት መጨረሻ ላይ ነፋስ ተነሣ። አቧራው መናኸሪያውን ሸፈነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ ሳለ ከዛፉ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገነጠለና ወደቀ። ከሥሩ አንድ ገበሬ ነበር። የዘር እህል ገዝቶ ወደ አገሩ ሊመለስ አውቶቡስ የሚጠብቅ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ቅርንጫፉ ጭኑን ሰበረው።

ሰዎች ብረቱን አንሥተው ገበሬውን ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። በያጁ ተጠርቶ ሲደርስ መሬቱ ላይ የቀረው የተደፋው እህል ነበር። ሴቶች ጎንበስ ብለው አንድ አንድ እያሉ ይለቅማሉ።

ነጋዴው ቀድሞ ደርሷል። በያጁን ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ወሰደው።

«ስማኝ። ሰውየው እህሉን ቅርንጫፉ ላይ አንጠልጥሎት ነበር የሚሉ አሉ። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የራሱ ነው። የመድን ሰዎቹ ሲመጡ ይህን ንገራቸው። ሰውየውን እኔም ከኪሴ እረዳዋለሁ። ግን ጥፋቱ የአንተ ነው ከተባለ ማን ከዚህ በኋላ በር ያሠራሃል? ዛፉንም ያፈርሱታል።»

ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም። ዛፉንም በያጁንም ይወዳል። የተናገረውም ከዚያ ፍቅር ነው።

በያጁ መሰላል አስመጣና ወጣ። ቅርንጫፉ ከተገነጠለበት ላይ ሲደርስ አየው። ከውጭ ቀለሙ ደህና ነው። ውስጡን ግን ዝገት በልቶታል፤ ጣቱን ሲያስገባበት ቀዩ እየረገፈ ወደቀ። ቱቦው ባዶ ነው፤ በቅጠሎቹ መጋጠሚያ የሚገባው የዝናብ ውሃ መውጫ አልነበረውም። ዛፉን ሲሠራ ለሌሎቹ ቅርንጫፎች መውጫ ቀዳዳ እንዳበጀላቸው ያስታውሳል። ለዚህ ግን አላበጀለትም። ለምን እንዳልሠራለት አያውቅም። ደክሞት ይሆናል፤ ሰው ጠርቶት ይሆናል።

መሰላሉ ላይ ብዙ ቆየ። ከታች ሰው ተሰብስቦ ቀና ብሎ ይጠብቀዋል። በያጁ ኋላ ለሚስቱ ሲነግራት እንዲህ ብሏል፤ «መድን ባይኖረን ኖሮ ከዚያ መሰላል ምን ይዤ እንደምወርድ አላውቅም። የሰውየው መታከሚያ፣ የሰውየው ቤት፣ ሁሉም በእኔ ትከሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እህሉን አንጠልጥሎት ነበር እል ነበር። ይህን ሳስበው ከዝገቱ ይበልጥ ያስፈራኛል።» በዚያች ቀን እውነቱን ቢናገር የሚያጣው የራሱን ስም ብቻ ነበር። ስሙ ደግሞ ለራሱ እንጂ ለሌላ ሰው እንደማይጠቅም ሕፃኗን ይዞ የቆመ ዕለት ተረድቶታል።

ወረደ። መሬት ሲረግጥ የማዘጋጃ ቤቷ ሹምም ደርሳ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ነገራት።

«ብየዳው የእኔ ነው። ውስጡ ዝጓል። ውሃ መውጫ ልሠራለት ሲገባኝ አልሠራሁለትም። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም።»

ለመድን ድርጅቱ መርማሪም ይህንኑ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ደገመ። መርማሪው ሲጽፍ ቆየና «ብዙ ሰው እንዲህ አይነግረኝም» አለው። የኃላፊነት መድን የሚከፍለው ጥፋቱ የሠሪው ሲሆን ነውና፣ በያጁ ያን ቃል ባይናገር ኖሮ መድኑ ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር።

በዚያው ሳምንት በያጁ ሆስፒታል ሄደ። ገበሬው በጀርባው ተኝቶ እግሩ በክብደት ተወጥሯል።

«አባቴ፣ ዛፉን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለው።

ገበሬው አላየውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዞረም «ሰኔ ደረሰ» አለ። በያጁ ያመጣውን ብርቱካን አስቀምጦ ወጣ።

በሌላ ቀን ተመልሶ ሄደ። ያን ጊዜ የመድን ድርጅቱ ለሕክምናው እንደሚከፍል፣ ገበሬው መሥራት ለማይችልበት ወቅትም እንደሚክሰው ለቤተሰቡ ተነግሯል። የገበሬው ልጅ ከአገር ቤት መጥታ ነበር፤ በሬ የሚጠምድ ሰው እንደተቀጠረና ማሳው ጦም እንደማያድር ነገረችው። ገበሬው የዚያን ቀን ፊቱን አላዞረም።

«አንተ ነህ በሰው ፊት እኔ ነኝ ያልከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እህሉን እኮ አንጠልጥዬው አልነበረም። ታቅፌው ነበር የቆምኩት» አለ ገበሬው። «ማንም ያምነኛል ብዬ አላሰብኩም።» ከዚያም ጨመረ። «ጥላው ጥሩ ነበር።»

የገበሬው እግር ዳነ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ቁልቁለት ሲወርድ ያነክሳል። ከበያጁ ደንበኞች አንዳንዶቹ ቀሩ፤ ቀርተውም አልተመለሱም። እሱም ደጃፋቸው ሄዶ አልለመነም። የከተማው ምክር ቤት ዛፉ ይፍረስ አይፍረስ ብሎ ሲከራከር ሹሟ ተነሥታ «ይህ ሰፈር የተጎዳውን ሰው አልካደም። ካልካደ ሰፈር ጋር ዛፉን መጠገን ይቻላል» አለች። ዛፉ ቆየ። በያጁ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ደግሞ ፈተሸ፤ ያላማረውን ቆርጦ ጣለ፣ ለሁሉም መውጫ አበጀ። ነጋዴው መሰላሉን ይዞለት ነበር። ስለዚያ ቀን ንግግራቸው ሁለቱም አላነሡም።

ጋሼ ወንድይራድ ታሪኩን እዚህ ላይ አበቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ትርሲት መለሱ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጥፋት ያልሠራ ሰው ለምን ዋስ ይጠራል ብለሽ ጠየቅሽኝ። በያጁም ያንኑ ነበር የጠየቀው። ማዘጋጃ ቤቱ እጃችሁን የናቀ መስሎሽ ተናደድሽ። እጃችሁን አልናቀም፤ እጃችሁ ጥሩ እንደሆነ እኔም ምስክር ነኝ። አንቺ ግንቡን ስታስቢ የምታዪው ሥዕሉን ነው፤ መልካም ነው፣ ሠዓሊ ነሽ። ግን ግንቡ ሥር እግረኛ ያልፋል። መሰላላችሁ ሊንሸራተት ይችላል፣ የቀለም ባልዲ ሊወድቅ ይችላል፣ ሥዕሉ ያረፈበት ልስን ከዓመታት በኋላ ሊላቀቅ ይችላል። ያን ቀን ከሥሩ የሚገኘው ሰው ስማችሁን አያውቅም፤ አምኗችሁ ነው የሚያልፈው። መድን ማለት ለዚያ ሰው እምነት ቀድሞ የሚሰጥ መልስ ነው። ለእናንተም ቢሆን፣ ክፉ ቀን ሲመጣ እውነቱን ለመናገር አቅም ይሰጣችኋል። ለሰውየው መዳኛ ያላሰናዳ ሠሪ፣ ሰውየው ሲወድቅ ጠላቱ ለመሆን ይገደዳል።»



«ገብቶኛል ጋሼ» አለች ትርሲት። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ግንቡ ሥር ማንም ባይጎዳስ? ዓመት ከዓመት ከፍለን ከፍለን፣ ምንም ሳይሆን ቢቀርስ? በከንቱ ባከነ ማለት አይደለም?»

ጋሼ ወንድይራድ ፈገግ አሉ።

«እንዲባክን ተመኚ» አሏት። «ባከነ ማለት፣ የማታውቂያቸው ሰዎች ሁሉ በግንቡ ሥር አልፈው በደህና ቤታቸው ገቡ ማለት ነው።»